ስለ ማለዳው ሶፋ እና ስለ ዐብዲራሕማን ድምፅ

ለተከበሩ የደቻቱ ቴሌቪዥን ጣቢያ ዋና ሥራ አስኪያጅ
ከዚራ፣ ድሬዳዋ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎ፣ ለባልደረቦችዎ፣ እንዲሁም ላስገባችሁት ነጭ ሶፋ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ጤናዎ እንደምን ነው? የዘንድሮ ሙቀትስ እንዴት ይዞዎታል? የስቱዲዮአችሁ ማቀዝቀዣ ሰው እስኪያንቀጠቅጥ ድረስ እንደሚሠራ በቅርቡ በገዛ ትከሻዬ ስላረጋገጥኩ፣ በሙቀቱ በኩል ለእርስዎ እምብዛም አልሰጋም። እኔ ደህና ነኝ። ደክሞኛል እንጂ ደህና ነኝ።

ስሜ ጥሩወርቅ ክፍሉ ይባላል። ከባቡሩ ትኬት ቢሮ በጡረታ የተሰናበትኩ፣ ሳቢያን የምኖር፣ ጣቢያችሁ ሥራ ከጀመረበት ጊዜ አንስቶ ማለዳ ማለዳ ስከታተላችሁ የኖርኩ ተመልካች ነኝ። ይህን ደብዳቤ በግልጽ ማውጣቴ ለእርስዎ ከማሰብ የመጣ ነው። በፖስታ አሽጌ ብልከው ከሌሎች ተመልካቾች ደብዳቤ ጋር ተደራርቦ ይቀርና፣ እርስዎ ሳያነቡት በመቅረትዎ ኋላ ይጸጸቱ ነበር።

ጉዳዩ "ትዝታ በማለዳ" ብላችሁ ያዘጋጃችሁት የልደት በዓል ነው። የማለዳው ፕሮግራማችሁ የተጀመረበትን ቀን ለማክበር፣ ተመልካች ሁሉ የድሮ ትዝታውን እንዲልክላችሁ ለብዙ ጊዜ ስታስነግሩ ቆይታችኋል። እኛም ትዝታ የማያልቅብን ሰዎች ነንና ላክን። ስለተደረገልን መስተንግዶ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ፤ ቢሮ ውስጥ ያረጀ ሰው ቁጥር ካልሰጠ ነገሩን በወጉ ያሰበው አይመስለውም።

አንደኛ፣ የራሳችንን ታሪክ ስላስተማራችሁን አመሰግናለሁ። በበዓሉ መክፈቻ ላይ ባሳያችሁን ፊልም መሠረት፣ የድሬዳዋ ሕዝብ ቁርሱን እየበላ ቴሌቪዥን ማየት የጀመረው እርስዎ ከተሾሙ፣ ሶፋው ከገባና ፕሮግራሙ "ወርቃማ ንጋት" ከተባለ ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት የነበረውን ዘመን ሁሉ ፊልሙ "የሙከራ ጊዜ" ብሎ በአንድ ዓረፍተ ነገር አልፎታል። እኔ በዚያ የሙከራ ጊዜ ውስጥ ልጆቼን ድሬያለሁ፣ ባለቤቴን ቀብሬያለሁ፣ ጡረታም ወጥቻለሁ። ሙከራ መሆኑን ቀደም ብላችሁ ብትነግሩኝ ኖሮ አንዳንዱን ነገር ባልቸኮልኩበት።

ለማያውቁት አንባቢዎች ስል፣ በእርስዎ ፈቃድ፣ የሙከራ ጊዜው ምን ይመስል እንደነበር ልናገር። ፕሮግራሙ "አደራችሁ ወይ" ይባል ነበር። የሚተላለፈው ከዚራ ካለው አሮጌ ቪላ በረንዳ ላይ ነው። አንድ የእንጨት ጠረጴዛና የማይመሳሰሉ ወንበሮች ነበሩት፤ ከኋላቸው ትልቅ የኒም ዛፍ ይታያል፤ ዛፉ ላይ የሚያድሩት ቁራዎች ዜና ሲነበብ ይንጫጫሉ። አቅራቢዋ ሰገል ነበረች። የመጋላ ልጅ ናት። በአማርኛ የጀመረችውን በሶማልኛ ትጨርሰዋለች፣ መሐል ላይ ኦሮምኛ ታስገባለች፣ ነገር ግን "አሁን ምን አለች?" ብሎ የጠየቀ ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም፤ ከተማው ራሱ የሚያወራው እንደዚያ ነዋ። እኛ ሰፈር መብራት እያለ እነሱ ጋ ሲጠፋ ጊዜ ምስሉ ይጨልምና ድምጿ ብቻ ይመጣ ነበር፤ "አለሁ፣ እንዳትሄዱ" ትለናለች። አንሄድም ነበር።

እኔና ጎረቤቴ ሁዶ ፕሮግራሙን አብረን ነበር የምናየው። እሷ ላሆ የሚባለውን የሶማሌ ቂጣ በማር ይዛ ትመጣለች፣ እኔ ሻይ በወተት አዘጋጃለሁ። ሁዶ ፕሮግራሙን የምትወድበት የራሷ ምክንያት ነበራት። ባሏ በየቀኑ ይቀርብበት ነበር።

ባሏ ዐብዲራሕማን ከሳቢያን መጋላ በሚመላለስ ሚኒባስ ላይ ሾፌር ነበር። ሥራ ከመጀመሩ በፊት ወደ ደቻቱ ዳር ይወርድና ወንዙን ያያል። ደቻቱን ለማያውቅ ሰው፣ ወንዝ ቢባልም አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ነው፤ ሰው በእግሩ ይሻገርበታል፣ ባጃጅ ያቋርጠዋል፣ ነጋዴ ዕቃውን ይዘረጋበታል። ደንገጎ ተራራ ላይ ዝናብ ሲጥል ግን፣ እኛ ጋ ሰማዩ ጥርት እንዳለ፣ ውኃው በድንገት ይደርሳል። አንድ ክረምት ማለዳ ላይ ዐብዲራሕማን ውኃው ሲመጣ ዳር ቆሞ አየ። በቃሉ የሚያውቀው ስልክ ቢኖር በየጠዋቱ ስክሪኑ ላይ የሚጻፈው የፕሮግራሙ ቁጥር ብቻ ስለነበር ወደዚያው ደወለ። ሰገል በቀጥታ አስገባችው፣ እሱም ያየውን ተናገረ፣ ብዙ ሰው ከመንገድ ተመለሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንም ሳይቀጥረው፣ ማንም ሳይለምነው፣ በየማለዳው ይደውል ጀመር።

አማርኛውን የተማረው የጭነት መኪና ረዳት በነበረበት ጊዜ ነው፤ ወንዱን በሴት፣ ሴቱን በወንድ ይጠራል። ወንዙ ደረቅ ከሆነ "ወንዙ የለችም፣ እለፉ" ይላል። ውኃ ካለ "ወንዙ መጣች፣ ልጆቻችሁን ያዙ" ይላል። ይኸው ነው። ከዚያ ስልኩን ዘግቶ ወደ ሥራው ይሄዳል። እኛ ሳቢያኖች ልጆቻችንን ትምህርት ቤት ስንሸኝ በእሱ አፍ "ወንዙ የለችም" እንል ነበር፤ ሰላም ግቡ እንደማለት ሆኖ ቀርቶ ነበር።

እናንተ ስትመጡ ሰገልን በክብር አሰናበታችኋት። ንግግሯ ለአዲሱ የፕሮግራም ደረጃ አይመጥንም ተብላ፣ ዛሬ መጋላ ውስጥ ጨርቅ ትሸጣለች። ወዲያው ደግሞ የቀጥታ ስልክ የድምፅ ጥራት ያበላሻል ተብሎ መስመሩ ተዘጋ። ዐብዲራሕማን ይህን የሰማው እንደ ልማዱ ደውሎ ነው። ባልደረባችሁ በጨዋነት አስረዳችው፣ እሱም በጨዋነት አመስግኖ ዘጋ። ከዚያ በኋላም ወንዙን ማየቱን አልተወም፤ ያየውን ለተሳፋሪዎቹ ብቻ ይነግራቸው ነበር። ካቻምና ልቡ ደክሞ አረፈ።

ሁለተኛ፣ ለተሰጠን ተስፋ አመሰግናለሁ። እኔ የላክሁላችሁ ትዝታ ስለ ዐብዲራሕማን ነበር። ደርሷችሁ ኖሮ አንዲት ትሑት ወጣት ከጣቢያው ለሁዶ ደወለችላት። በበዓሉ ቀን በክብር እንግድነት እንድትገኝ፣ የባሏም ድምፅ ለተመልካች እንደሚሰማ አበሰረቻት። ሁዶ የባሏ ድምፅ የተቀረጸበት አንድም ነገር የላትም፤ ስልኩ ከእሱ ጋር ሆስፒታል ገብቶ እዚያው ጠፍቷል። ስለዚህ በደንብ የሰማች አልመሰላትም።

"ድምፁን?" አለቻት።

"አዎ እናቴ፣ ድምፁን" አለቻት ልጅቷ።

ሁዶ ይህን እኔ ቤት በር ላይ ቆማ ነገረችኝና፣ ሳትገባ ተመልሳ ሄደች። ከዚያ በኋላ የሆነውን ቢያዩት ደስ ይልዎት ነበር። የዐብዲራሕማን እኅት ዓኒሳ መጋላ ያለውን ቤቷን አዘጋጀች። ዘመድ ሁሉ ከድምፁ በኋላ ዱዓ እንዲያደርግ ተጠራ፣ ምሳ ተሠራ፣ ቴሌቪዥኑ ሁሉም ወደሚያየው ቦታ ተዛወረ። ሁዶ ለዒድ ያስቀመጠችውን ልብስ ለበሰች። ስቱዲዮ ስለምትፈራ እኔም አብሬያት እንድሄድ ጠየቀችኝ፣ ሄድኩ።

እንግዶችን ፊታቸውን ወደሚቀቡበት ክፍል ስንደርስ፣ የቀረጻ ማኅደራችሁን የሚጠብቀው ሂሻም መጣ። ከድሮ ጀምሮ እዚያ የነበረ ሰው ነው፣ ያውቀኛል። ሁዶን ሰላም አላትና ዓይኗን ሳያይ እኔን ወደ ኮሪደሩ ጠራኝ። የ"አደራችሁ ወይ" ቀረጻ በሙሉ ወደ አዲሱ ስቱዲዮ በተዛወራችሁ ጊዜ መደምሰሱን፣ ለማስታወቂያና ለኳስ ጨዋታ ቦታ ያስፈልግ እንደነበር፣ እሱም አይሆንም ብሎ እንደነበር ነገረኝ። ታዲያ ዛሬ ምንድን ነው የምታሰሙት ብዬ ጠየቅኩት። ሌላ ነገር አዘጋጅተዋል አለኝ፣ ምን እንደሆነ ግን አልነገረኝም። ለሁዶ ልነግራት ስመለስ ሶፋው ላይ አስቀምጠዋት፣ ማይክሮፎኑን አንገቷ ሥር አስረውላት፣ ቀዩ መብራት በርቶ ነበር።

የአንድ ሰው ድምፅ ምን ያህል ቦታ እንደሚይዝ አላውቅም፤ እናንተ የሙያው ሰዎች ታውቃላችሁ። ቦታ እንዳጣበበባችሁ ገብቶኛልና ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ሦስተኛ፣ ለጥበባዊ ዝግጅቱ አመሰግናለሁ። ሁለቱ አቅራቢዎቻችሁ ለብሰው አምረው ነበር። ሰውየው "አሁን የናፈቅነውን ዐብዲራሕማንን እንቀበል" አለ። ሁዶ ቀና ብላ ጣሪያው ላይ የተሰቀሉትን ድምፅ ማጉያዎች ማየት ጀመረች። ድምፁ ከዚያ የሚመጣ መስሏታል፤ ማንም ቢሆን እንደዚያ ይመስለዋል። ሙዚቃ ተጫወተ፣ በሩ ተከፈተ፣ ኮሜዲያናችሁ ገባ። ሽርጥ ታጥቋል፣ ጉንጩን በሆነ ነገር ወጥሮታል፣ በእጁ የፕላስቲክ መሪ ይዟል። ሶፋውን እየዞረ "ሰገል፣ ወንዙ መጣች፣ ወንዙ መጣች" እያለ ሮጠ። የተጋበዘው ተመልካች ሳቀ። ሁዶ ለትንሽ ጊዜ ጣሪያውን ማየቷን አላቋረጠችም። ከዚያ ዓይኗን ወደ ኮሜዲያኑ አወረደችና ገባት።

ክቡር ሆይ፣ ልጁ ጎበዝ ነው፣ ክፋትም ያለበት አይመስለኝም፤ የተነገረውን ሠራ። አነጋገሩን በደንብ አጥንቶታል። አንድ ነገር ብቻ ጎድሎበታል፤ ዐብዲራሕማን ሮጦ አያውቅም ነበር። ወንዙ ሲመጣ ይቆማል፣ ይደውላል፣ ቀስ ብሎ ይናገራል፤ ሰው እንዳይደናገጥ።

አቅራቢው ወደ ሁዶ ዞሮ "እናታችን፣ አይመስልም?" ብሎ ጠየቃት። ሴቷ አቅራቢ ፈገግ ብላ እንድትመልስ በአገጯ ጠቆመቻት። ሁዶም የሚከተለውን ተናገረች፤ ዓኒሳ ቤት የተቀመጡት ሁሉ ስለሰሙት ቃል በቃል መጻፍ እችላለሁ።

"ልጄ፣ ባሌ ሰው ለማሳቅ ደውሎ አያውቅም። መንገዱ እንዴት እንደሆነ ለመንገር ነበር የሚደውለው። ዛሬ መንገዱ እንዴት ነው?"

አቅራቢው ሴቷን አያት፣ እሷ ወረቀቷን አየች፣ ወረቀቱ ላይ አልተጻፈም። ከካሜራው ኋላ የቆሙትም እርስ በርስ ተያዩ። በስቱዲዮአችሁ ውስጥ አንድ መስኮት ነበረ፤ እሱንም የፀሐይ መውጫ ፎቶግራፍ ለጥፋችሁበታል፤ ስለዚህ በዚያ ክፍል ከነበርነው ሰዎች መካከል ውጭ ምን እንደሚደረግ የሚያውቅ አልነበረም። ወዲያው የቀለም ማስታወቂያ ገባ። ሁዶ ማይክሮፎኑን ራሷ ፈትታ ሶፋው ላይ አስቀመጠችና ወጣን። በሩ ላይ ልጅቷ፣ ያቺ የደወለችላት፣ የሁዶን እጅ ልትስም ሞከረች፤ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር። ስለ እሷ ክፉ አልናገርም።

ከዚህ በኋላ ያለውን በተራ ቁጥር ማስቀመጥ አቅቶኛል። ቢሮ የኖርኩ ብሆንም አራተኛ ብዬ ጀምሬ ሁለት ጊዜ ሰርዣለሁ።

ዘመድ ስለሚጠብቀን በባጃጅ ወደ መጋላ መሻገሪያ ሄድን። ደቻቱ ዳር ስንደርስ ሕዝብ ተሰብስቧል። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፤ ደመና የሚባል አልነበረበትም። ውኃው ግን መጥቷል። ቡናማ ሆኖ፣ ሣጥን፣ የዛፍ ቅርንጫፍና የነጋዴ ሸራ እያገላበጠ ይሄዳል። ድልድዩ ላይ መኪና ተዘጋግቶ ወዲያም ወዲህም የሚል የለም።

ዳሩ ላይ ባርኸድ የሚባል የባጃጅ ሾፌር ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ሳቢያን እንተዋወቃለን፤ ጎልማሳ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። ልብሱ ከላይ እስከ ታች ጭቃ ሆኗል፣ አንድ እግሩ ባዶ ነው። ባጃጁን ውኃው ወስዶበታል። አሳፍሯት የነበረችውን የቲማቲም ነጋዴ ሰዎች በሸራ ገመድ ጎትተው አውጥተዋታል፤ ክንዷ ተሰብሮ ሆስፒታል ወስደዋታል። ሁለቱም ተርፈዋል፣ አልሐምዱሊላህ። ባርኸድ ግን መትረፉን ገና የሰማ አይመስልም ነበር።

ሁዶ አጠገቡ ቁጭ አለችና የትከሻዋን ልብስ አውልቃ አለበሰችው። ከዚያ ምነው ወንዙን ሳታይ ገባህ ብላ በሶማልኛ ጠየቀችው። እሱም ከመነሳቱ በፊት ፉል ቤት ቁርስ እየበላ እንደነበር፣ ቴሌቪዥኑ ተከፍቶ እንደነበር፣ የቲማቲም ነጋዴዋም ውጭ ቆማ እየጠበቀችው እንደነበር ነገራት። ፉል ቤቱ ሁሉ ይስቅ ነበር፣ እሱም ስቆ፣ እጁን ታጥቦ ወጥቶ፣ ነጋዴዋን አሳፍሮ ወደ አሸዋው ወረደ። ይህን ሁሉ ካለ በኋላ እኔም እንድሰማው ነው መሰለኝ፣ በአማርኛ ጨመረ።

"ወንዙ መጣች ሲል ሰምቼው ነበር እኮ። ቀልድ መሰለኝ።"

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ደንገጎ ላይ ዝናብ ያዘነበው ጣቢያዎ ነው አላልኩም። ዝናብ ታዘንባላችሁ ብሎ መክሰስ እርስዎን ከልክ በላይ ማክበር ይሆንብኛል። ውኃው በራሱ ጊዜ መጣ። በዚያችው ሰዓት ጣቢያዎ "ወንዙ መጣች" እያለ ለከተማው በሙሉ በጥራት አሰራጨ። ድምፁ ጉድለት የለበትም፣ ምስሉም አንጸባራቂ ነበር። ከተማውም ሰማ፣ ሳቀም። ለእንዲህ ያለ ሥራ ምን ተብሎ እንደሚመሰገን ስለማላውቅ ነው ቁጥሩን ያቆምኩት።

ሁዶ ስልኳን አውጥታ ወደ ጣቢያችሁ ደወለች። ሌሎች ሰዎች ከሳቢያንም ከመጋላም ወደዚያው መሻገሪያ እየመጡ ስለነበር ቢነገራቸው ብላ ነው። ስልኩን ያነሳው የተቀዳ ድምፅ ነው። ማስታወቂያ ለማስነገር አንድን፣ ስፖንሰር ለመሆን ሁለትን፣ ለተወዳጅ አቅራቢዎ ድምፅ ለመስጠት ሦስትን ይጫኑ ይላል። ሁዶ ንባብ ላይ እንጂ ቁጥር ላይ አትታማም፤ ሁሉንም እስከ መጨረሻው አዳመጠች። ለወንዝ የሚጫን አልነበረም። ከዚያ ለሰገል ደወለች። ሰገል ከጨርቅ ሱቋ ሆና ለማን ለማን እንደደወለች አላውቅም፣ ብዙም ሳይቆይ ግን ከማዶ በኩል ነጋዴዎች መሻገሪያውን በገመድ ዘጉት፣ ከመስጊዱ ማጉያም ሰው እንዳይወርድ ተነገረ። በእኛ በኩል የቆመው ሰውም ስልኩን እያወጣ በየራሱ ቋንቋ ለሚያውቀው ሰው መንገር ጀመረ።

ውኃው ከቀትር በኋላ ጎደለ። ዓኒሳ ቤት ስንደርስ ምሳው ቀዝቅዞ ነበር። ቴሌቪዥኑን አጥፍተው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙረውታል። ስለ ፕሮግራሙ አንድም ሰው አላነሳም፤ ዓኒሳ ሁዶን ይዛ ለረጅም ጊዜ ቆመች፣ ሽማግሌዎቹ ዱዓ አደረጉ፣ በላን። ከምሳ በኋላ አንዱ የወንድም ልጅ፣ አጎቴ ከመናገሩ በፊት ሁልጊዜ ጉሮሮውን ይጠርግ ነበር አለ። ሌላው የለም፣ ይህ የሲጋራ ጊዜው ነው፣ ሲጋራ ከተወ በኋላ አይጠርግም ነበር አለ። ዓኒሳ ደግሞ ስልክ ሲያወራ ከዘጋ በኋላም "እሺ፣ እሺ" ይል እንደነበር ተናገረች። በዚህ ተከራከሩ። ሁዶ መጀመሪያ ታዳምጥ ነበር፣ ኋላ ገባችበት፣ ጉሮሮውን የሚጠርገው ውሸት ሲናገር ብቻ ነው አለችና ሁሉም ሳቀ፣ እሷም ሳቀች።

እኔ ጥግ ተቀምጬ ይህን ሳይ ደስታና ድካም አንድ ላይ ተሰማኝ። እዚያ የነበሩት ሰዎች ያረጃሉ። አንዱ ይረሳል፣ አንዱ ይሞታል፣ የወንድም ልጆቹም አገር ይቀይራሉ። ድምፁ ያለ ስህተትና ያለ ክርክር የሚቀመጥበት ቦታ የእናንተ ክፍል ብቻ ነበር። እናንተ ዘንድ ትዝታ በጣም እንደሚወደድ አይቻለሁ። በሙዚቃ ታጅቦ፣ በአበባ ተከብቦ፣ ስፖንሰር ተፈልጎለት ይቀርባል። የሚታወሰው ነገር ራሱ ግን ቦታ ያጣብባል።

አሁን ያለንበትን ባጭሩ ልንገርዎ። የሁዶ ልጅ ናሲር በአባቱ ሚኒባስ ላይ ይሠራል። ከበዓላችሁ ማግስት ጀምሮ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ወርዶ ወንዙን ያይና ያየውን በስልኩ ቀድቶ ለሰገል ይልክላታል። ሰገል በሦስቱም ቋንቋ ተናግራ ለሰፈሩ ሁሉ በስልክ ታሰራጫለች፤ አንዳንድ ቀን ጨርቅ ሲለካ፣ ደንበኛ ሲከራከር አብሮ ይሰማል። ሁዶ አሁንም ላሆ ይዛ ትመጣለች፣ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠን እናዳምጣለን። ናሲር አማርኛው የተስተካከለ ነው፤ ትምህርት ቤት የተማረ ልጅ ስለሆነ ወንዱን በወንድ፣ ሴቱን በሴት ይጠራል። ድምፁ የአባቱን አይመስልም። ሁዶም አይመስልም ትላለች። ባርኸድ የሰው ባጃጅ ይዞ መሥራት ጀምሯል፤ የቲማቲም ነጋዴዋ ክንዷ ገና በጀሶ ነው።

ብዙ አልለምንም፤ መለመንም ጉልበት ይጠይቃል። የኮሜዲያናችሁ ሩጫ ዛሬም በገጻችሁ ላይ አለ፤ ከበዓሉ ሁሉ ብዙ ሰው ያየው እሱ እንደሆነ በኩራት ጽፋችሁበታል። በስተመጨረሻው ላይ ሁዶ ጣሪያውን ስታይ የምትታይበት ቦታ አለ። ሰዎች ከሥሩ በሳቅ ምልክት ሞልተውታል። እሱን እንዲያወርዱልን እለምንዎታለሁ፤ መደምሰስ እንደማያስቸግራችሁ ስለማውቅ ነው። ሌላው ልመናዬ መስኮቱ ነው። ፎቶግራፉ ያማረ ነው፣ አልክድም። ቢሆንም በማለዳ አንድ ሰው መድባችሁ፣ ገለጥ አድርጎ ውጭውን ቢያይ፣ ለጤናም ጥሩ ነው።

ይህን ረጅም ደብዳቤ እስከዚህ ድረስ በትዕግሥት ካነበቡ፣ ወንበርዎ የተመቸ፣ ማቀዝቀዣዎ የማይጠፋ፣ ሶፋዎ ነጭ እንደሆነ የሚኖር፣ ተመልካችዎም በነገሩት ጊዜ ሁሉ የሚስቅ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ለእርስዎና ለመላው የ"ወርቃማ ንጋት" ቤተሰብ ያለኝን፣ በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ጎደለ እንጂ ያልተጨመረበትን፣ አክብሮቴን በትሕትና አቀርባለሁ።

ከሙከራ ጊዜ ተመልካቾችዎ አንዷ፣
ጥሩወርቅ ክፍሉ
ሳቢያን፣ ድሬዳዋ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ጨርሼ ሳለሁ ሁዶ ከጣቢያዎ የተላከላትን የምስጋና የምስክር ወረቀት ይዛ መጣች፤ አማርኛ ንባብ ስለሚያስቸግራት እንዳነብላት ነው። ወፍራም ወረቀት ነው፣ ዳሩ በወርቅ ቀለም የተጌጠ፣ የእርስዎ ፊርማና ማኅተም ያለበት። የተጻፈው ለአቶ ዐብዲራሕማን ነው። በበዓሉ ላይ በአካል ተገኝተው ላቀረቡት አዝናኝ ዝግጅት ያመሰግናቸዋል፣ በሚቀጥለው ዓመትም እንዳይቀሩ አደራ ይላል። ሁዶ ምን ይላል ብላ ስትጠይቀኝ፣ ባልሽን አመስግነውታል አልኳት። በጊዜው ነበር እንጂ አለችና፣ ወረቀቱን እኔው ጋ ትታው ወደ ቤቷ ሄደች። ለማን መመለስ እንደሚገባኝ ቢያሳውቁኝ ደስ ይለኛል።